ከመስመሩ የወጣው ነጥብ፤ የቅይጥ ብረቶች ጠባይ ጥናት አጭር ታሪክ

መግቢያ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ወደ አእምሮዬ ቀድሞ የመጣው ስመ ጥር ድልድይ ወይም ታላቅ ግድብ አልነበረም። ትዝ ያለኝ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ያከናወንነው አነስተኛ የጥናት ሥራ ነው። ርእሱ “የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ጠባዮች” የሚል ነበር። በሥራው ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። ዛሬ ሳስበው ግን የምኮራበት አይደለም፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ይሁን እንጂ የቅይጥ ብረቶችን ጥናት ታሪክ እንድመረምር ያነሣሣኝ ያው ሥራ ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጥቂት ቃላት መስማማት ያስፈልጋል። ቅይጥ ስንል ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ብረታ ብረቶች አንድነት ቀልጠው የሚሰጡትን አዲስ አካል ማለታችን ነው። ቆርቆሮ የሚለው ቃል በተለምዶ ለጣራ ክዳን ለሚውለው፣ በዚንክ ለተለበጠው የብረት ዝርግ ስለሚሰጥ፣ መምታታት እንዳይኖር ንጹሑን ነጭ ብረት ከዚህ በኋላ ቲን እለዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ ሙቀቱም የተመለከተው በሴንቲግሬድ ዲግሪ ነው።

በአንዲት ማቅለጫ የተሠራ ሥራ

እርሳስ በ327 ዲግሪ፣ ቲን ደግሞ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። እኛ ወደ ሥራው የገባነው በቀላል ግምት ነበር። የሁለቱ ቅይጥ እንደ ድርሻቸው መጠን በሁለቱ መካከል ይቀልጣል፤ ግማሽ በግማሽ ቢሆን በ280 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት ብለን አሰብን። ይህንንም ለማረጋገጥ ከ10 በመቶ እስከ 90 በመቶ ቲን የያዙ ዘጠኝ ናሙናዎች አዘጋጀን። እያንዳንዱን ናሙና በማቅለጫ አቅልጠን፣ የሙቀት መለኪያውን ቴርሞካፕል ነክረን፣ ከእሳቱ ላይ አውርደን፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በየ15 ሰከንዱ ንባቡን እየመዘገብን በግራፍ ወረቀት ላይ አሠፈርነው።

የዘዴው መሠረት ግልጽ ነው። ቀልጦ የነበረ ብረት በሚረጋበት ጊዜ ሲቀልጥ የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል። ስለዚህ እየወረደ የነበረው ሙቀት መርጋት በጀመረበት ቦታ ላይ ይዘገያል፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። መስመሩ የታጠፈበትን ወይም የቆመበትን ቦታ በመመልከት ብረቱ የረጋበትን ሙቀት ማወቅ ይቻላል።

ያየነው ግን ከጠበቅነው የተለየ ነበር። አብዛኛዎቹ ናሙናዎች አንድ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ቆሙ። የመጀመሪያው ማቆሚያ ከናሙና ወደ ናሙና ይለዋወጣል፤ ግማሽ በግማሽ የሆነው ቅይጥ በ280 ሳይሆን በ215 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጋት ጀመረ። ሁለተኛው ማቆሚያ ግን ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰም። ከ10 በመቶው ናሙና በስተቀር በሁሉም ላይ በ180 እና በ184 ዲግሪ መካከል እየመጣ ቆመ። 60 በመቶ ቲን የያዘው ናሙና ደግሞ የመጀመሪያው ማቆሚያ ተለይቶ ሳይታይበት፣ በዚያችው ቦታ ላይ ብቻ ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

ከመካከላችን አንዱ “መለኪያው እዚያ ቦታ ላይ ይያዛል” አለ። ሁላችንም አመንነው። ሽቦውን በሌላ ተክተን አንዱን ናሙና ደገምነው፤ አሁንም በዚያው ቦታ ቆመ። ሥራውን የምናስረክብበት ቀን ቀርቦ ስለነበር ከዚያ ወዲያ አልሄድንም። ሁለተኛውን ማቆሚያ የመሣሪያ ጉድለት ነው ብለን ከሠንጠረዡ ሙሉ በሙሉ አወጣነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የ60 በመቶው ናሙና ሌላ ማቆሚያ ስላልነበረው ያለ ንባብ ቀረ፤ “በአሠራር ስህተት የተበላሸ” ብለን እርሱንም ሠረዝነው። በቀሩት ነጥቦች ላይ ለስላሳ መስመር አሳለፍን። በመደምደሚያችንም ከሁሉ ቀድሞ የሚቀልጠው 70 በመቶ ቲን የያዘው ቅይጥ ነው፣ የሚቀልጠውም ከ190 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው ብለን ጻፍን። ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ነው።

የአንጥረኛው ዕውቀት

ቅይጥ ከወላጆቹ የተለየ ጠባይ እንዳለው የሰው ልጅ ያወቀው ከቤተ ሙከራ አይደለም። መዳብ ለብቻው ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቲን ሲጨመርበት ግን ነሐስ ይሆንና ስለት ይይዛል። በአገራችንም የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያስቀርጹ እንደ ነበር ይታወቃል። የሳንቲም ሥራ የብረቱን ንጽሕናና የቅይጡን መጠን ሳይለዩ የሚገቡበት ሙያ አይደለም።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጠገራ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ብዙ አንጥረኞቻችን መስቀሉን፣ አምባሩንና ድሪውን ይሠሩ የነበረው ጠገራውን አቅልጠው ነው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ፣ ንጹሕ መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣሉ። 72 እጅ ብርና 28 እጅ መዳብ ሲቀላቀሉ ግን ቅይጡ በ779 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ማለትም ከሁለቱም ወላጆቹ ቀድሞ። የብር ሠራተኛ ሁለት የብር ቁራጮችን ሲያገናኝ የሚጠቀምበት ማጣበቂያ ከሥራው አስቀድሞ መቅለጥ አለበት፤ ካልሆነ ግን የደከመበት ሥራ በእጁ ላይ ይፈስበታል። ስለዚህ “ሁለት ብረቶች ሲደባለቁ ከሁለቱም ቀድመው ሊቀልጡ ይችላሉ” የሚለው ነገር ለአንጥረኛው የዕለት ተዕለት ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ግን በዓይንና በእጅ የሚተላለፍ ነበር። አባት ለልጁ “እሳቱ እንዲህ ሲመስል” እያለ ያሳየዋል እንጂ በቁጥር አይነግረውም። ዕውቀቱ ከአንድ ወርክሾፕ ወደ ሌላው፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላው እንዲሻገር መለካትና መጻፍ ያስፈልግ ነበር። የቅይጥ ብረቶች ጥናት ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

መለካት ሲጀመር

በዚህ መስክ አስቀድመው ከሚጠቀሱት አንዱ በበርሊን የነበረው ፍራንዝ ካርል አሻር ነው። አሻር በይበልጥ የሚታወቀው ስኳርን ከቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው የስኳር ተክል በማውጣቱ ነው። ሆኖም በ1788 በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቅይጦችን ሠርቶ ክብደታቸውን፣ ጥንካሬያቸውንና የመሰበር ጠባያቸውን የመዘገበበትን መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ ይህን የመሰለ ሰፊ ሥራ አልነበረም። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን የሚያያይዝ ሐሳብ ገና ስላልተገኘ መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ ብዙ አንባቢ አላገኘም።

ሁለተኛው ሰው ለእኛ ለአራቱ ተማሪዎች የቅርብ ዘመዳችን ሊባል የሚገባው ነው። የስዊድኑ የፊዚክስ ሊቅ ፍሬድሪክ ሩድበርግ በኡፕሳላ ሳለ የእርሳስንና የቲንን፣ እንዲሁም የሌሎችን ለስላሳ ብረቶች ቅይጥ እያቀለጠ፣ ሲቀዘቅዙ ሰዓትና ቴርሞሜትር ይዞ ይመዘግብ ነበር። በ1830 ባወጣው ጽሑፍ ያስታወቀው ነገር የሚከተለው ነው፦ ቅይጦቹ ሲቀዘቅዙ ቴርሞሜትሩ ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ አንደኛው ማቆሚያ እንደ ቅይጡ መጠን ይለዋወጣል፤ ሁለተኛው ግን መጠኑ ምንም ቢሆን ቦታውን አይለቅም። ይህ እኛ ከ180 ዓመት በላይ ቆይተን በተሻለ መሣሪያ ያየነውና የሠረዝነው ነገር ነው።

ሩድበርግ ለዚህ ነገር የሰጠው ማብራሪያ ትክክል አልነበረም። የማይንቀሳቀሰው ማቆሚያ የሚመጣው ሁለቱ ብረቶች በተወሰነ መጠን ተዋሕደው አንድ ኬሚካዊ ውሑድ ስለሚፈጥሩ ነው ብሎ ገመተ። ማብራሪያው በኋላ ዘመን ወድቋል፤ ንባቡ ግን አልወደቀም። አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የተሳሳተ ማብራሪያ ያለው እውነተኛ ንባብ ለተከታዩ ሰው ይጠቅማል። ያማረ ማብራሪያ ያለው የተጓደለ ንባብ ግን ማንንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ትክክለኛው መልስ የመጣው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ገትሪ የጨው ውሃ እንዴት እንደሚረጋ ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1884 ያንኑ ሐሳብ ወደ ብረታ ብረት አሻገረው። ከሁሉ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጠውንም ቅይጥ “በቀላሉ የሚቀልጥ” ከሚል የግሪክ ቃል “ዩቴክቲክ” ብሎ ሰየመው። የእርሳስና የቲን ዩቴክቲክ 62 በመቶ ያህል ቲን የያዘው ሲሆን፣ የሚቀልጠውም በ183 ዲግሪ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። 30 በመቶ ቲን የያዘ ቅይጥ ሲቀዘቅዝ በ255 ዲግሪ አካባቢ አስቀድሞ እርሳስ የበዛባቸው ቅንጣቶች ይረጋሉ። እርሳሱ እየወጣ በሄደ ቁጥር በፈሳሽነት የቀረው ክፍል በቲን እየበለጸገ ይሄዳል። ቲን ከበዛበት ወገን ብንነሣ ደግሞ አስቀድሞ የሚረጋው ቲኑ ነው፤ የቀረው ፈሳሽም በእርሳስ እየበለጸገ ይመጣል። ከየትኛውም ወገን ብንነሣ የመጨረሻው ፈሳሽ የሚደርሰው ከአንድ መጠን፣ ማለትም ከ62 በመቶው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ብረቶች በአንድነት፣ በቀጫጭን ንብርብር ይረጋሉ። ሁለተኛው ማቆሚያ ቦታውን የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ የ60 በመቶ ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ የቆመውም ተበላሽቶ ሳይሆን ከዚህ መጠን አጠገብ ስለነበረ ነው። በ10 በመቶው ናሙና ላይ ማቆሚያው ያልታየውም የረጋው እርሳስ እስከ 19 በመቶ የሚደርስ ቲን በውስጡ መያዝ ስለሚችል፣ ለመጨረሻው ፈሳሽ የሚተርፍ ቲን እምብዛም ስለማይኖር ነው። ከዘጠኙ ናሙናዎቻችን አንዱም የተበላሸ አልነበረም።

የጎቲንገን ተማሪዎች

ለስላሳዎቹን ብረቶች በተራ ቴርሞሜትር ማጥናት ይቻላል። መዳብን፣ ኒኬልንና ብረትን ለማጥናት ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻተሊየ በ1880ዎቹ ዓመታት አንዱ ሽቦ ከንጹሕ ፕላቲነም፣ ሌላው ከፕላቲነምና ከሮድየም ቅይጥ የተሠራ ቴርሞካፕል አቀረበ። ቅይጥን የምንለካበት መሣሪያ ራሱ ቅይጥ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በኬምብሪጅም ሄይኮክና ኔቪል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የመዳብንና የቲንን ቅይጥ፣ ማለትም ነሐስን፣ በሙቀት መለኪያና በማይክሮስኮፕ መርምረው በ1903 ታላቅ ጥናት አወጡ። ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ሲሠራበት የኖረው ነሐስ ውስጡ ምን እንደሚመስል በሚገባ የታወቀው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው በ1903 ጉስታፍ ታማን በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተቋቋመውን የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተቋም እንዲመራ ተሾመ። ታማን ያየው ችግር ይህ ነበር፦ በኢንዱስትሪ የሚያገለግሉት ብረታ ብረቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ የሚሰጡት ቅይጥ ደግሞ በጣም ብዙ ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ ሊቅ ዕድሜውን ቢያጠፋበት አይጨርሰውም። ስለሆነም ሥራውን ለተማሪዎቹ አከፋፈለው። ለአንዱ ተማሪ አንድ ጥንድ ብረት ይሰጠዋል፤ ተማሪውም በየ10 በመቶው ልዩነት ናሙና እያዘጋጀ፣ እያቀለጠና እያቀዘቀዘ ይመዘግባል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ እኛም የሠራነው በዚሁ ሥርዓት መሆኑ ነው።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20 ያህል የተለመዱ ብረታ ብረቶች የተውጣጡ ወደ 1900 የሚጠጉ ቅይጦች ተመረመሩ። ታማን ከዘዴው ጋር አንድ ብልሃት ጨምሮበታል። ማቆሚያው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየም እንዲመዘገብ አደረገ፤ ምክንያቱም ማቆሚያው ከሁሉ የሚረዝመው ከዩቴክቲኩ መጠን ላይ ነው፣ ከዚያ በራቀ ቁጥር ያጥራል። የእኛ 60 በመቶ ናሙና ከሌሎቹ የበለጠ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ለታማን ተማሪ መልሱን በቀጥታ በሰጠው ነበር።

ውጤቶቹ በተማሪዎቹ ስም በየጊዜው በሳይንስ መጽሔት ላይ ወጡ። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በኋላ የታረሙ አሉ። ናሙናው ትንሽ፣ ማቀዝቀዙም ፈጣን ስለነበር፣ ብረቱ ከረጋ በኋላ በውስጡ በዝግታ የሚካሄዱ ለውጦች አንዳንዴ አምልጠዋቸዋል። ሆኖም ንባቡ እንዳለ ታትሞ ስለነበር ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ተከታዩ ትውልድ ማየት ቻለ። በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሃንሰን የሁለት ሁለት ብረቶችን ቅይጥ ሥዕላዊ መግለጫ በአንድ መድበል ሲሰበስብ፣ ከመሠረቶቹ አንዱ እነዚህ የተማሪ ሥራዎች ነበሩ። ዛሬ በየቢሮአችን የምንከፍተው የብረታ ብረት መድበል የዚያ ሥራ ልጅ ነው። መስመሩን ስናይ ከበስተጀርባው በማቅለጫ አጠገብ ሰዓት ይዞ የተቀመጠ ተማሪ እንዳለ አናስብም።

ቅዳሜና ሰኞ

እስከዚህ ድረስ የቅይጥ ጠባይ የሚወሰነው በውስጡ ባሉት ብረቶች መጠን ነው የሚል አስተሳሰብ ይበልጥ የሠፈነ ነበር። ከዚህ አስተሳሰብ የወጣው ነጥብ የታየው በበርሊን አቅራቢያ በኖይባበልስበርግ ነው። አልፍሬድ ቪልም በዚያ በሚገኝ የምርምር ተቋም ለጥይት ቀለህ የሚሆን፣ ናስን የሚተካ ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ይፈልግ ነበር። ብረትን አግሎ በውሃ መንከር እንደሚያጠነክረው ስለሚታወቅ፣ አሉሚኒየምንም በዚሁ መንገድ ለማጠንከር ሞከረ።

በ1906 ወደ 4 በመቶ መዳብና ግማሽ በመቶ ያህል ማግኒዚየም የያዘውን ቅይጥ ከ500 ዲግሪ በላይ አግሎ በውሃ ነከረው። በዕለቱ የተለካው ጥንካሬ የሚያስደስት አልነበረም። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበረ የቀረው ልኬት ለሰኞ ተላለፈ። ሰኞ ሲለካ ያው ብረት፣ ማንም ሳይነካው፣ በጣም ጠንክሮ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው የመለኪያውን መሣሪያ ነው፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ከጥርጣሬው በኋላ በተደረገው ነገር ላይ ነው። ቪልም ልኬቱን እየደጋገመ ጥንካሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ተከታተለ፤ በ1911ም ውጤቱን አሳተመ። ቅይጡም በዱረን ከተማ በነበረው ፋብሪካ ተሠርቶ “ዱራሉሚን” በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

ቪልም የነገሩን ምክንያት አላወቀም ነበር። በ1919 ሜሪካ፣ ዋልተንበርግና ስኮት የተባሉ አሜሪካውያን ማብራሪያውን አቀረቡ። አሉሚኒየም በጋለ ጊዜ የሚያሟሟውን መዳብ በቀዘቀዘ ጊዜ መያዝ አይችልም። በድንገት በውሃ ሲነከር ግን መዳቡ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ታግዶ ይቀራል፤ በኋላም ቀስ በቀስ እየተሰበሰበ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክምችቶች ይሠራል፤ እነዚህም ብረቱ እንዳይንሸራተት መሰናክል ይሆኑበታል። በ1938 ፈረንሳዊው ጊኒየና እንግሊዛዊው ፕሬስተን ለየብቻቸው በኤክስሬይ መርምረው፣ ውፍረታቸው ከአንድ ወይም ከሁለት አቶም የማይበልጥ የመዳብ ንጣፎች መኖራቸውን አሳዩ። ከሰኞዋ ልኬት እስከ ሙሉው ማብራሪያ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኢንዱስትሪው የተጠቀመው ማብራሪያውን ሳይሆን ንባቡን ነው።

የዚህ ነገር ፍሬ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1929 ወደ አዲስ አበባ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንዱ የጀርመኑ ዩንከርስ ሲሆን፣ አካሉ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሞገድ ባለው የዱራሉሚን ዝርግ የተለበሰ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራውን የጀመረባቸው ሲ 47 አውሮፕላኖችም ቆዳቸው ከአሉሚኒየምና ከመዳብ የተሠራ፣ በቆይታ የሚጠነክር ቅይጥ ነው። ያች የሰኞ ንባብ “የመሣሪያ ስህተት” ተብላ ተሠርዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይደርስ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ የጥገና ወርክሾፕ ተመደብሁ። አንድ ቀን የራዲያተር ቀዳዳ የሚደፍኑ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት የማጣበቂያ ዘንግ ይዘው፣ “ይኸኛው ወዲያው ይረጋል፤ ለቀጭኑ ስፌት ነው። ይኸኛው ግን እንደ ገንፎ ሆኖ ይቆያል፤ ሰፊውን ቀዳዳ እያሸሁ እደፍንበታለሁ” አሉኝ። ለምን እንደሆነ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ እኔም አልቻልሁም። ማታ መድበሉን ከፍቼ የእርሳስንና የቲንን ሥዕል አየሁ። ወዲያው የሚረጋው ዘንግ ከዩቴክቲኩ መጠን አጠገብ ያለው ነው። እንደ ገንፎ የሚቆየው ደግሞ እርሳስ የበዛበት ስለሆነ ከ255 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እስከ 183 ዲግሪ ድረስ ግማሹ ረግቶ፣ ግማሹ ፈስሶ ይቆያል። በሥዕሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመውን የ183 ዲግሪ መስመር ሳይ፣ የተማሪነት ወረቀታችን በዓይኔ ላይ መጣ። አንጋፋው ሠራተኛ በእጃቸው የሚያውቁትን እኛ በመሣሪያ አይተን ሠርዘነዋል።

ይህን ያደረግነው ሰነፎች ስለነበርን አይደለም። ዘጠኝ ናሙና ሠርተናል፤ ሌሊት ተቀምጠን መዝግበናል። የጎደለን ነገር የማይስማማ ንባብ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ አለማወቃችን ነው። የተማሪ ሥራ ዋጋው የሚለካው ከሚጠበቀው መልስ ጋር በመስማማቱ ነው ብለን እናምን ነበር። የጎቲንገን ተማሪዎች በአንጻሩ መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ሥራ ነበር የተሰጣቸው፤ ስለዚህ ከንባቡ በቀር የሚመረኮዙበት ነገር አልነበራቸውም።

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ለልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን እንቀበላለን፤ ጥቂቶቻችንም እናስተምራለን። የተማሪውን ሪፖርት ስንመረምር አብዛኛውን ጊዜ የምናየው የመጨረሻውን ሥዕል ነው። እኔ በበኩሌ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማየው በመጀመሪያ ጥሬውን መዝገብ ነው፤ የተሠረዘ ነገር ካለም ለምን እንደተሠረዘ እጠይቃለሁ። ተማሪው “አላውቅም፣ ግን ሦስት ጊዜ ስደግመው ያው ሆነ” ብሎ ቢጽፍ፣ ከለስላሳው መስመር ይልቅ ለዚያ ዓረፍተ ነገር ከፍ ያለ ነጥብ እሰጣለሁ። ሌሎች ባልደረቦችም እንዲሁ ቢያደርጉ በየወርክሾፓችን ያለው ሥራ አይጎዳም፤ ይጠቀማል እንጂ።

በመጨረሻ የራሴን ዕዳ ልክፈል። ያ የአራታችን ጥራዝ ምናልባት በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ከእርሱ የሚቀዳ ተማሪም አይጠፋም። ስለዚህ እርማቱን በዚህ መጽሔት ላይ አኖራለሁ። ከእርሳስና ከቲን ቅይጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀልጠው 70 በመቶ ቲን የያዘው ሳይሆን 62 በመቶ ያህል የያዘው ነው፤ የሚቀልጠውም በ183 ዲግሪ ነው። ከ20 እስከ 90 በመቶ ቲን በያዙት ስምንት ናሙናዎች ሁሉ ላይ በ180 እና በ184 ዲግሪ መካከል ማቆሚያ ታይቷል። የ60 በመቶው ናሙና የተበላሸ አልነበረም። መለኪያውም ደኅና ነበር።